«አፌን ያቃጥለኛል» ሲሉን

እዚህ አትላንታ፣ በተለይም ክላርክስተን አካባቢ፣ እናቶቻችንን ይዘን ሐኪም ቤት የምንገባ ልጆች ሳንሾም አስተርጓሚዎች ሆነናል። «አፌን ያቃጥለኛል» የሚለው አቤቱታ ታዲያ በእኛ እጅ በቀላሉ ይበላሻል። አንዱ ቃር ነው ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሌላው «አገሯ ናፍቋት፣ ሆድ ብሷት ነው» ይላል። ሐኪሙም የሰማውን ይዞ ያዛል። እኔ ግን አስቀድሞ ስለ ምራቅ መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ።

ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። በዋናነት የሚያመነጩት ከጆሮ፣ ከመንጋጋና ከምላስ ሥር ያሉ ሦስት ጥንድ ዕጢዎች ናቸው። ምራቅ ሲያንስ ጥርስ ይቦረቦራል፣ አፍ ውስጥ ፈንገስ ይበዛል፣ ማቃጠሉም ይከተላል። አፍ በማድረቅ የታወቁት ደግሞ እናቶቻችን በየቀኑ የሚውጧቸው ናቸው፦ የአለርጂ ክኒን፣ ሽንት የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ የድብርት መድኃኒት። እንግዲህ ማቃጠሉን «ሆድ ብሷት ነው» ብሎ የተረጎመ ልጅ፣ አፍ የሚያደርቅ መድኃኒት አሳዝዞ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው።

ነገሩ በምራቅ ማነስ ብቻ አያልቅም። በርኒንግ ማውዝ ሲንድሮም የሚባል ሕመም አለ፤ በብዛት የሚታየው የወር አበባቸው በቆመ ሴቶች ላይ ነው። አፍ ሲታይ ቁስል የለም። ታማሚዋ «አፌ ደረቀ» ትላለች፤ ምራቋ ሲለካ ግን ብዙ ጊዜ መጠኑ ደህና ነው። ጥፋቱ ነርቩ ላይ ነው። ከታማሚዎች ምላስ በተወሰዱ ናሙናዎች ቀጫጭኖቹ የነርቭ ጫፎች ሳስተው፣ የበርበሬን ማቃጠል የሚያስተላልፈው ተቀባይ ግን በዝቶ ታይቷል። በርበሬ ሳይቀምሱ በበርበሬ መቃጠል! ይህን ከእኛ በላይ ማን ይረዳው?

ሁለቱን ለመለየት ሳያኝኩና ሳይናገሩ የተጠራቀመውን ምራቅ ለአምስት ደቂቃ መለኪያ ውስጥ መትፋት ነው። ከግማሽ ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ በእርግጥ አንሷል። (ሰው ፊት መትፋት ነውር ነው የሚሉ እናቶች፣ ሲመርቁን እንትፍ እንትፍ እንደሚሉ ማስታወስ ይበጃል።) ደህና ከሆነ ደግሞ በርኒንግ ማውዝ ነው ከማለት በፊት ብረት፣ ቢ12 እና ስኳር በደም ምርመራ ይታያሉ፤ እንደ ሊሲኖፕሪል ያለ የግፊት ክኒንም በራሱ ሊያቃጥል ስለሚችል ሐኪሙ ያጤነዋል እንጂ በገዛ እጅ አይቋረጥም።

የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ሁሉ በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጁ መድኃኒቶቹን በፌስታል ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ ማቃጠሉ የት እንደሆነ፣ ጠዋት ይሁን ማታ የሚብሰው፣ እናትየው ራሳቸው ይናገሩ።