እንቁራሪት ስትሞት ለማን ይነገራል?

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ገጠር ላም ብትሞት ወሬው ቶሎ ወረዳ ይደርሳል። በላህ ወንዝ ዳር ሃያ እንቁራሪት ሞቶ ቢገኝስ? አብዛኛው ሰው አይቶ ያልፋል፤ ቢያወራም «የማሳ መድኃኒት ነው የገደላቸው» ይልና ይጨርሰዋል። ሊሆን ይችላል። እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች ግን ያለ ምርመራ ውጤት ይህን ርዕስ አድርገን መጻፍ የለብንም ባይ ነኝ።

ሌላም ተጠርጣሪ አለና። ካይትሪድ የሚባለው ፈንገስ የእንቁራሪትን ቆዳ ያጠቃል። እንቁራሪት በቆዳዋ ውሃና ጨው ስለምታስገባ፣ ቆዳው ሲታመም የደሟ ጨው ይዛባና ልቧ ይቆማል። ሰውን አይዝም። ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ይስማማዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናትም በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች፣ በተለያዩ ዝርያዎች ላይ በብዛት አግኝቶታል። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ቢያንስ 501 ዝርያዎች በዚህ በሽታ መመናመናቸውን፣ ከነዚህም 90ዎቹ ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ገምቷል።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? በናሙና ነው። ባለሙያው ለእያንዳንዷ እንቁራሪት አዲስ ጓንት ያደርጋል፤ አለበለዚያ የአንዷን በሽታ ለሌላዋ ያስተላልፋል፣ ውጤቱም ይበላሻል። ከዚያ በኮቪድ ጊዜ አፍንጫችን ውስጥ የገባውን የመሰለ ባለ ጥጥ እንጨት ይዞ ሆዷን፣ የጭኗን ውስጥና የኋላ እግር ጣቶቿን ደጋግሞ ያሻል። እንጨቱ ለየብቻ በንጹሕ ቱቦ ተዘግቶ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ ከፀሐይ ርቆ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። የሞተችዋ ቶሎ ስለምትበሰብስ ቁራጭ ቆዳዋ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል። (የጎጃም አረቄ አይሆንም ወይ የምትሉ አትጠፉም፤ ጥንካሬው ስለማይታወቅ አይሆንም!) ፎርማሊን ደግሞ ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። ፈንገሱ ተገኘ ማለትም እሱ ገደለ ማለት አይደለም፤ ተሸክመውት በጤና የሚኖሩ አሉ። ስለዚህ የቆዳው ጉዳት በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ የኬሚካሉም ጥርጣሬ ለብቻው ይመረመራል።

የእኛ ሥራ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የሞቱትን ብዛት መጻፍ፤ ፎቶ ማንሳት፤ ሰሞኑን በአካባቢው ምን እንደተረጨ ገበሬውን መጠየቅ፤ በባዶ እጅ አለመንካት። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር። «እንቁራሪት ነው እንዴ ያመጣችሁ?» ቢባል አትፈሩ። በሽታው እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት አገሮች እንዲያሳውቁ በሚጠይቅባቸው በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ነው።

ከላህ ተነስታችሁ ቡሬ ፈጣም ወንዝ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የጫማችሁን ጭቃ እዚያው አራግፉ፤ በበረኪና እጠቡት፣ አድርቁት። ፈንገሱ በእርጥብ ጭቃም ይጓዛል።