ሰው የለወጠው ተክል፤ ከፒትስበርግ ሙዚየም እስከ ሲዳማ ጓሮ

ፒትስበርግ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 አንዲት ትንሽ ሙዚየም በሯን ከፈተች፡፡ መሥራቿ በካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ መምህር የሆነው ሪቻርድ ፔል ነው፡፡ የሰውየው ጥያቄ ቀላል ነበር፡፡ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሞች አንበሳውን፣ ንስሩንና የዱር አበባውን ያሳዩናል፤ ሰው እጁን ያስገባባቸውን ግን ለምን ይተዋሉ? እናም የተተዉትን ሰበሰበ፡፡ ሙዚየሟ ውስጥ ለመግባት መስፈርቱ ሁለት ነው፡፡ አንደኛ ፍጡሩን ሰው ሆን ብሎ የለወጠው መሆን አለበት፤ ሁለተኛ ለውጡ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆን አለበት፡፡

ከስብስቡ በጣም የታወቀችው ፍሬክልስ የተባለች ፍየል ናት፡፡ በላቦራቶሪ የሸረሪት ጂን ስለገባባት ከወተቷ የሸረሪት ድር የሚሠራበት ፕሮቲን ይገኝ ነበር፡፡ ከሞተች በኋላ ቆዳዋ ተሞልቶ ለእይታ ቀረበች፡፡ ጎብኚው በእርሷ መገረሙ አይቀርም፡፡ ይሁን እንጂ የፔል መስፈርት የላቦራቶሪ ሥራን ብቻ የሚመለከት አይደለም፡፡ በሺህ ዓመታት ማላመድና መምረጥ የተለወጠውም ከዚያው መደብ ነው፡፡

ይህንኑ መስፈርት ይዞ ሐዋሳ የሚገባ ሰው ሙዚየም መፈለግ አያስፈልገውም፡፡ ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፍቼ ጫምባላላን የሚያከብርበት አደባባይ ነው፡፡ በዓሉ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፡፡ አዲስ አበቤው ስለ ጉዱማሌ ሲነሳ የሚያስታውሰው ጭፈራውን ነው፡፡ ለዛሬው ጉዳያችን ግን የሚበልጠው በዋዜማው ምሽት በየቤቱ የሚቀርበው ቡርሳሜ ነው፡፡ ቡርሳሜ ከቆጮና ከቅቤ ይሠራል፡፡ ቆጮው ደግሞ ከእንሰት፤ በሲዳምኛ ከ‹‹ወሴ››፡፡

እንሰት በዱር ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል፡፡ ተላምዶ የሕዝብ ምግብ የሆነው ግን በኢትዮጵያ ብቻ ነው፡፡ የዱሩ እንሰት እንደ ማንኛውም ተክል አብቦ፣ አፍርቶ፣ በዘሩ ይራባል፡፡ የጓሮው እንሰት ይህን ዕድል አያገኝም ማለት ይቻላል፡፡ ብዙውን ጊዜ ከማበቡ በፊት ወይም ገና ማበብ ሲጀምር ይቆረጣል፤ ካበበና ካፈራ ያጠራቀመውን ምግብ ይጨርሰዋልና፡፡

ታዲያ እንዴት ይራባል? ገበሬው የሁለትና የሦስት ዓመቱን እንሰት ግንድ ከሥሩ ከፍ አድርጎ ይቆርጣል፡፡ የአምቾውን መሀል፣ ማለትም ተክሉ ወደ ላይ የሚያድግበትን እምብርት፣ ቦርቡሮ ያወጣና በአፈርና በፍግ ይቀብረዋል፡፡ ወደ ላይ ማደግ የተከለከለው አምቾ በዙሪያው ብዙ ቡቃያ ያወጣል፡፡ ሁሉም የእናታቸው ትክክለኛ ቅጂ ናቸው፡፡ ዘመናዊው ሳይንስ ‹‹ክሎን›› የሚለው ይኸው ነው፡፡ ነጭ ጋዋን ያልለበሱ ሰዎች ሲሠሩት ስለኖሩ ብቻ ስሙን ነፍገነዋል፡፡

በዚህ መንገድ የተጠበቁት ዝርያዎች ለየራሳቸው ስምና ሙያ አላቸው፡፡ በሲዳማ ጋንቲቻ፣ አዶ፣ ሚዳሾ እየተባሉ ይለያሉ፡፡ አንዱ ለቆጮ፣ ሌላው አምቾው ተቀቅሎ ለመበላት፣ ሌላው ለቃጫ፤ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል የሚባልም አለ፡፡ እየፋቁና እያቦኩ ምርቱን ለምግብ የሚያበቁት ሴቶች ናቸውና የትኛው ለምን እንደሚሆን በደንብ የሚያውቁትም እነርሱ ናቸው፡፡

ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል፡፡ ስንዴና ገብስ ዘራቸው ደርቆ በቅዝቃዜ ይቀመጣል፡፡ አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የዘር ባንክ አላት፡፡ እንሰት ግን ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም፤ ስለዚህ አንድን ዝርያ ለማቆየት ዋናው መንገድ በሕይወት እንደተተከለ ማኖር ነው፡፡ በአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከ600 በላይ የእንሰት ናሙናዎች የተሰበሰቡት ለዚሁ ነው፡፡ ሌላው ክምችት በየገበሬው ጓሮ ነው ያለው፡፡ ጓሮው ለጫት ወይም ለባሕር ዛፍ ሲለቀቅ ሌላ ቦታ ያልተተከለ ዝርያ አብሮ ያልቃል፡፡

ከዚያ ደግሞ አጠውልግ በሽታ አለ፡፡ የኢትዮጵያው ተመራማሪ ዳኛቸው ይርጉና ባልደረባቸው ብራድበሪ አምጪውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 ከእንሰት ለይተው አሳወቁ፡፡ በ2001 በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ታየ፡፡ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፡፡ አንድ ቢላዋ ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ያሻግረዋል፡፡ አንድ ዓይነት ዝርያ ብቻ በተተከለበት ማሳ ጉዳቱ ሊከፋ እንደሚችል መገመት አያዳግትም፡፡ በወላይታ የሚታወቀው ማዚያ የተሻለ መቋቋም ያሳያል፤ እንዲህ ያለው ዝርያ ሳይታወቅ ከጓሮ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይደረግ ነበር?

ሳይንቲስቶች ሌላ መንገድም ሞክረዋል፡፡ ከቃሪያ የተገኙ ጂኖችን ሙዝ ውስጥ አስገብተው ኡጋንዳ ውስጥ በመስክ ፈትነዋል፡፡ እንሰትንም በዚሁ ዘዴ ለመለወጥ የላቦራቶሪ ሥራ ተሠርቷል፡፡ በእኛ አገር ጉዳዩን የሚገዛው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ሲሆን፣ ጥብቅ ነው ተብሎ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሽሏል፡፡ በ2010 ዓ.ም. ተባይ የሚቋቋም ልውጥ ጥጥ ለገበያ እንዲመረት ተፈቀደ፡፡ ጥጥ ግን በየዓመቱ በዘር የሚገዛ ምርት ነው፡፡ እንሰት ከጎረቤት ለጎረቤት በቡቃያ የሚሰጥ፣ ለሙሽራ የሚተከል ነገር ነው፡፡ ልውጡ አንዴ ጓሮ ከገባ ማን ይቆጣጠረዋል፣ የማንስ ይሆናል? ለዚህ ጸሐፊ ከጂኑ ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነው፤ የሚቋቋም አንድ ዝርያ ተገኘ ተብሎ ሌሎቹ ሁሉ ቢተዉ ማዚያን የመሰለ ሌላ ዝርያ ከየት ይመጣል?

ሊያዩት ለሚፈልጉ፣ ከሐዋሳ ወደ ይርጋለምና አለታ ወንዶ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ እንሰት ያልተከለ ቤት ማግኘት ይከብዳል፡፡ ስሞቹን የቤቱን እመቤት ይጠይቁ፡፡ ቡቃያ ቢሰጡዎት ግን አመስግነው ይተዉት፤ አጠውልግ ከቡቃያ ጋር ይጓዛል፡፡ ቢላዋ የሚያውሱ ከሆነም አስቀድመው በእሳት ያቃጥሉት፡፡