ስድስት ጊጋባይት በጠባብ መንገድ

የሐረሩ ጊደር መጋላ ስሙ በሐረሪ ቋንቋ «ትልቅ ገበያ» ማለት ነው። ገበያው ትልቅ ይሁን እንጂ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ በጁገል ቀጫጭን መንገዶች፣ ጭነት ይዛ የምትመጣ አህያን ለማሳለፍ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግድ የሚልበት ቦታ አለ። ደካማ ኮኔክሽን ይዞ የኮምፒውተርን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማሳደግም ይህንኑ ይመስላል፤ ጭነቱ ሰፊ፣ መንገዱ ጠባብ።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽኑ መሥራቱን አያቆምም፤ ማራዘሚያ ካልተመዘገበለት ግን የደኅንነት ማስተካከያ አይደርሰውም። ወደ ዊንዶውስ 11 ከመሻገር በፊት ግን መለካት ያስፈልጋል። መኪና ግርግር በተባለው የሐረር ልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ያለ ሰፊ ሳይለካ ጨርቅ አይቆርጥም። ልኩ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕና በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ነው። ይህን ለማያሟላ አሮጌ ላፕቶፕ ሊኑክስ ሚንት የተባለ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ፤ የመጫኛ ፋይሉም የዊንዶውስን ግማሽ ገደማ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የዊንዶውስ 11 ፋይል 6 ጊጋባይት ነው እንበል። የመስመር ፍጥነት የሚነገረው በሜጋባይት ሳይሆን በሜጋቢት ነው፤ 8 ቢት 1 ባይት ይሆናል። ስለዚህ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያመጣ መስመር ፋይሉ ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፍጥነቱ በግማሽ ከቀነሰ ወደ 27 ሰዓት ይጠጋል። ችግሩ፣ ማይክሮሶፍት የሚሰጠው የማውረጃ ሊንክ የሚያገለግለው ለ24 ሰዓት ብቻ ነው። 90 በመቶ ላይ መብራት ከሄደ፣ ሲመለስ ሊንኩ ጊዜው አልፎበት ሊጠብቅ ይችላል።

መፍትሔው የነጋዴ ዘዴ ነው፤ ጆንያውን አንዴ አምጥቶ በጣሳ መቸርቸር። ፋይሉ ፈጣን መስመር ባለበት አንዴ ይወርድና በፍላሽ ይመጣል። 16 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ፍላሽ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ እምቢ ካለ ጥፋቱ የቦታ አይደለም። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ እንደገና ፎርማት ቢደረግ ይገባል፤ በውስጡ የነበረው ግን ይጠፋልና አስቀድሞ ማውጣት ነው።

ቅመም ገዢ አሽትቶ ይገዛል። በፍላሽ የመጣ ፋይል የሚሸተተው SHA256 ሃሽ በተባለ 64 ፊደልና ቁጥር ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሰርትዩቲል የተባለ ትእዛዝ SHA256 ተብሎ ሲጠየቅ የፋይሉን ሃሽ ያወጣል፤ ከማይክሮሶፍት ገጽ ላይ ካለው ጋር አንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም ተነካክቷል። ገጹን ለመክፈት ያው ደካማው መስመር ይበቃል።

ኮምፒውተር ሱቅ ገብቶ «አቦ፣ ፎርማት አርግልኝ» ማለት የተለመደ ነው፤ ማሳደግና ፎርማት ግን አንድ አይደሉም። ፎርማት ያለውን ጠርጎ እንደ አዲስ ይጭናል። ለማሳደግ ግን ፋይሉን እዚያው ዊንዶውስ ላይ ከፍቶ ሴትአፕን ማስጀመር፣ ሰነዶችና ፕሮግራሞች ይቆዩ የሚለውን መምረጥ ነው። በጫኚው መጀመሪያ ላይ የአፕዴት ማውረጃው ምርጫ ወደ «አሁን አይሁን» ካልተለወጠ፣ በፍላሽ የታለፈው ጠባብ መንገድ ተመልሶ ይመጣል። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ይሁን፣ ባትሪውም ይሙላ፤ አስፈላጊ ሰነድ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ሥራው ሲያልቅ ፍላሹ ላይ ያለውን ፋይል አያጥፉት። ነገ ጎረቤት ይፈልገዋል፤ ያ 6 ጊጋባይት ሁለተኛ በዚያ መንገድ አይመጣም።