ሞተሩን ከመቀየርዎ በፊት

በጋውን ሙሉ የመኪናውን የዝናብ መጥረጊያ የሚያስታውስ የለም። ፀሐይ ጎማውን ያደርቀዋል፣ አቧራ መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባል፣ ከመስታወቱ ሥር የተቀበረው ሞተርም ሳይዞር ይከርማል። ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ መጥረጊያው እምቢ ቢል አይገርምም። የሚገርመው ከዚያ ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ብዙ ጋራዥ በር ላይ መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ «ሞተሩ ሄዷል» የሚል ነው። ባለመኪናው አዲስ አበባ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ሞተር ይገዛል፤ እሱም ሲገጠም እንደ ቀድሞው ዝም ይላል። ለካ ሞተሩ ደህና ነበር፤ የጠፋው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ነው።

መንገዱ ረጅም አይደለም። ኤሌክትሪኩ ከ12 ቮልቱ ባትሪ ተነስቶ በመክፈቻ ቁልፉ በኩል ፊውዝ ጋ ይደርሳል። ከፊውዙ መሪው ሥር ወዳለው ማብሪያ፣ ከማብሪያው ደግሞ አንዳንዴ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) በኩል ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ሞተሩን አዙሮ ሲያበቃ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል። ከእነዚህ በአንዱ ቦታ ከተቋረጠ መጥረጊያው አይሠራም።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው መሣሪያ ጆሮ ነው። ማብሪያውን አብርተው ያዳምጡ። ሞተሩ እየጮኸ መጥረጊያው ካልተንቀሳቀሰ ኤሌክትሪኩ ንጹሕ ነው፤ ብዙ ጊዜ የመጥረጊያው ክንድ የታሰረበት ብሎን ላልቷል፣ ወይም ሞተሩን ከክንዶቹ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ወልቋል። አንድ ማሳሰቢያ፦ አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ኮፈኑ ክፍት ከሆነ መጥረጊያውን ሆን ብለው ያጠፉታል። ኮፈኑን ከፍቶ «አይሠራም» ብሎ መፍረድ እዚያ ላይ ያሳስታል።

ድምፅ ከሌለ ወደ ፊውዙ ይሂዱ። የመጥረጊያ ፊውዝ እንደ መኪናው ቢለያይም 20፣ 25 ወይም 30 አምፔር የሆነው ብዙ ነው። ቢጫው 20፣ ቀለም የሌለው 25፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ነው። የተቃጠለውን በእኩያው ይተኩና ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። ማብሪያውን እንደነኩ ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ሾርት አድርጓል። ጥቂት ከጠረገ በኋላ ከተቃጠለ ግን ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እየጎተተ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዝገት ይዞት የማይዞር መገጣጠሚያ ይገኛል። ፊውዙ ደጋግሞ ስለተቃጠለ ከፍ ያለ አምፔር መግጠም፣ ይባስ ብሎም ሽቦ ጠምዝዞ መሰካት በከተማችን የተለመደ ጥፋት ነው። ፊውዙ ሳይቃጠል ሲቀር ሽቦው ይቃጠላል፤ ሽቦው ደግሞ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ነው ያለው።

አሁን ወደ ሞተሩ ጠባይ እንምጣ። በአብዛኞቹ የመጥረጊያ ሞተሮች ውስጥ ሦስት ካርቦን ብሩሾች አሉ፦ አንዱ ለሁለቱም ፍጥነቶች የጋራ ነው፣ አንዱ ለዝግታው፣ ሦስተኛው ለፍጥነቱ። ስለዚህ ዝግታው ሠርቶ ፍጥነቱ እምቢ ካለ ሞተሩ በሙሉ ሞቷል ማለት አይደለም። ያ አንዱ ብሩሽ፣ ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ወይም የማብሪያው አንድ ጫፍ ነው የሚጠረጠረው። ሁለቱ ፍጥነቶች ሠርተው አረፍ እያለ የሚጠርገው ብቻ ከጠፋ ደግሞ ዓይን ወደ ሪሌው ይዙር። በነገራችን ላይ ይህን አረፍ እያለ የሚጠርግ መጥረጊያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የፈለሰፈው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ኪርንስ ነው። ሐሳቤን ወሰዱብኝ ብሎ ፎርድን እ.ኤ.አ. በ1978 ከሰሰ፤ ኩባንያው በ1990 10.2 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን መጥረጊያው የሚቆምበት ቦታ ነው። ማብሪያውን ሲያጠፉ መጥረጊያው ባለበት አይቆምም፤ ወርዶ ቦታው ላይ ይተኛል። ይህን የሚያደርገው ሞተሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የማረፊያ ማብሪያ ነው። እርስዎ አጥፍተውም ይህ ማብሪያ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ መስጠቱን ይቀጥላል፤ መጥረጊያው ማረፊያው ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ቆርጦ የሞተሩን ሽቦ ከኔጌቲቭ ጋር ያገናኘዋል። ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱን በራሱ ፍሬን ይይዛል። ስለዚህ ማብሪያውን ባጠፉበት ቅጽበት መጥረጊያው መስታወቱ መሃል ቀጥ ካለ፣ የማረፊያው መስመር ኤሌክትሪክ አላገኘም። አጥፍተውትም መጥረጉን ካላቆመ ወይ የማረፊያው ማብሪያ ተጣብቋል፣ ወይ ሪሌው ተበይዷል። የመኪናውን ቁልፍ ነቅለው መሃል ላይ ቢቆም ግን አይደንግጡ፤ ኤሌክትሪኩን ከሥሩ ስለቆረጡት ነው።

ቴስተር ያለው ሰውም ሊሳሳት ይችላል። ሶኬቱን ከሞተሩ ነቅለው ሲለኩ 12 ቮልት ይታያል፤ «ኤሌክትሪክ ደርሷል፣ ሞተሩ ነው» ይባላል። ቴስተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም፤ ሽቦው ውስጥ አንዲት ክር ብቻ ብትቀርም 12 ቮልት ያሳያል። ሞተር ግን በአንዲት ክር አይዞርም። ስለዚህ ሶኬቱን ሳይነቅሉ፣ ማብሪያውን አብርተው፣ ከጀርባው ይለኩ። ቮልቱ ወደ 6 ወይም 7 ከወረደ ከሞተሩ በፊት ያለው ሽቦ፣ ማብሪያ ወይም ሶኬት ተበላሽቷል። ቮልቱ ካልወረደ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ሞተሩ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያድርጉ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት፤ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ የኔጌቲቩ ማሰሪያ ዝጓል። ብሎኑን ፈትቶ፣ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ መልሶ ማሰር ይበቃል። ኤሌክትሪኩም ኔጌቲቩም ደህና ሆኖ ሞተሩ ዝም ካለ፣ ያን ጊዜ ነው «ሞተሩ ሄዷል» የሚባለው።

ጥቂት ጠርጎ የሚቆም፣ አረፍ ሲል መልሶ የሚነሳ ሞተርም አለ። አንዳንድ ሞተሮች ሲግሉ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መከላከያ አላቸው፤ ያጋላቸው ብዙ ጊዜ የደረቀ መገጣጠሚያ ነው። አዲሶቹ መኪኖች ላይ ማብሪያው ትእዛዙን የሚሰጠው ለኮምፒውተር ስለሆነ ከፊውዙ ቀጥሎ ስካነር ያስፈልጋል፤ እዚያ በግምት ሽቦ መቁረጥ ዕዳ ነው።

ችግሩን አስቀድሞ መከላከልም ይቻላል። ከመስታወቱ ሥር፣ ከፕላስቲክ ክዳኑ በታች፣ የዝናብ ውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች አሉ። ዛፍ ሥር የሚያድር መኪና ላይ ቅጠል ይደፍናቸዋል፤ ውኃው ወደ ሞተሩ ይወጣል፣ የሶኬቱ እግሮችም አረንጓዴ ይሆናሉ። ግንቦት ሳያልቅ ክዳኑን ያስነሱና ቅጠሉን ያስጠርጉ። መስታወቱን በውኃ አርጥበው መጥረጊያውን በሁሉም ፍጥነት ይሞክሩት፤ ሲያጠፉት የት እንደሚተኛም ይመልከቱ። ሞተር ይቀየር የሚልዎ ሰው ካለ፣ ሶኬቱ ሳይነቀል ስንት ቮልት እንዳነበበ ይጠይቁት።