ሳይታይ የቀረው ጨዋታ

በቤተ ክርስቲያናችሁ የባለትዳሮች ፕሮግራም ተዘጋጅቶ የሚያውቅ ከሆነ ይህን ጨዋታ ሳታዩት አትቀሩም። ባልና ሚስት ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ፤ ለየብቻ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሰጣቸዋል። መሪው «ባለቤትህ በጣም የምትወደው ምግብ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ይጽፋሉ። መልሱ ከገጠመ ጉባኤው ያጨበጭባል፣ ካልገጠመ ይስቃል።

እኛም ደሴ ላይ ይህንኑ ለማቅረብ አስበን፣ ቀኑ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ዓርብ ማታ በቤታችን ሙከራ አደረግን። ሁለት ጥንዶች ከደሴ፣ አንድ ጥንድ ከኮምቦልቻ መጡ። ስለ ኮምቦልቻዎቹ የምጽፈው ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው፤ ስማቸው ግን ይቅር።

የኮምቦልቻዎቹ አስደነቁን። አሥር ጥያቄ ተጠይቀው አሥሩንም ገጠሙ። የደሴዎቹ አራትና አምስት ላይ ቀርተው «እናንተማ ከአንድ ወረቀት ነው የምትገለብጡት» እያሉ ይቀልዱባቸው ጀመር። በዚህ መሀል ባለቤቴ በዝርዝሩ ውስጥ ያልነበረ አንድ ጥያቄ ጨመረ፦ «በዚህ ወር ሚስትየውን እንቅልፍ የነሳት ነገር ምንድን ነው?»

ባልየው «ምንም የለም፣ ጌታ ይመስገን» ብሎ ጻፈ። ሚስትየው «የእናቴ ሕመም» ብላ ጻፈች።

ወረቀቶቹ ሲነበቡ ቤቱ ጸጥ አለ። እርስዋ ነገሩን በቀልድ ልታሳልፈው ፈልጋ «ይቺንማ ሐረጎ ላይ አላጠናናትም» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እርስዋ ግን ሳቁን አልጨረሰችውም።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ጥያቄዎቹን ከሁለት ቀን በፊት በስልክ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ እንዲያምር፣ በእንግዶች ፊት እንዳናፍር ብዬ። እነርሱም ከኮምቦልቻ ሲመጡ፣ ሚኒባሱ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ መልሳቸውን ሲያስማሙ ነበር የመጡት።

ለወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ ውድድር ሳዘጋጅ ስለ ቴሌቪዥን ጨዋታዎች ብዙ አንብቤአለሁ (ልጆቼ በዚህ ይስቁብኛል)። የቴሌቪዥን ሰዎች አዲስ ጨዋታ ሲያስቡ አስቀድመው አንድ የሙከራ ቅጂ ይቀርጻሉ፤ «ፓይለት» ይሉታል። አቅራቢው፣ ተወዳዳሪው፣ መብራቱ፣ ሽልማቱ ሁሉ ተሟልቶ ይሠራል። ከዚያ የጣቢያው ኃላፊዎች ያዩታል፤ ካልወደዱት መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 «ሾፐርስ ባዛር» የሚባል እንዲህ ያለ ሙከራ ተቀርጾ ነበር። ለሕዝብ አልታየም። በ1974 ስሙም አሠራሩም ተቀይሮ እንደገና ተሞከረ፤ በጃንዋሪ 1975 «ዊል ኦፍ ፎርቹን» ተብሎ ወጣ፤ ለአሥርተ ዓመታትም ዘለቀ። ጉድለቱ የተገኘው ተመልካች ሳያየው በመሆኑ ማንም አላፈረም፤ ጊዜ ወስደው አስተካከሉት።

ጉድለቱን ያላስተካከሉም አሉ። በሴፕቴምበር 1956 «ትዌንቲ ዋን» የሚባል የጥያቄ ጨዋታ በኤንቢሲ ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን ጨዋታ በሐቅ ነበር የተካሄደው። ተወዳዳሪዎቹ ጥያቄውን እየሳቱ ፕሮግራሙ አሰልቺ ሆነ፤ ስፖንሰሩ፣ ጄሪቶል የተባለው መድኃኒት አምራች፣ ተቆጣ። አዘጋጁ ዳን ኤንራይትና ባልደረቦቹ «ጨዋታችን ምን ጎደለው?» ብለው አልጠየቁም፤ መልሱን አስቀድመው መስጠት ጀመሩ። መቼ ግንባራቸውን እንደሚጠርጉ ሳይቀር ተወዳዳሪዎቹን አስጠኗቸው። ኸርበርት ስቴምፕል የሚባለው ሰው መልሱን እያወቀ እንዲስት ታዘዘ። እርሱን ያሸነፈው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ቻርልስ ቫን ዶረን 129,000 ዶላር አገኘ፤ ፎቶው በታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። በኖቬምበር 1959 ያው ሰው በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሕዝቡን እንዳታለለ ተናዘዘ። በ1960 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር የሚከለክል ሕግ ወጣ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ከሩቅ ሆኜ እፈርድባቸው ነበር። በዚያ ዓርብ ማታ ግን በገዛ ሳሎኔ ኤንራይት ሆኜ ተገኘሁ። ሽልማታችን አንድ ቴርሞስ ብቻ ይሁን እንጂ ሥራው ያው ነው። ወገኖቼ፣ በመድረክ ላይ ያማረ ትዳር ለማሳየት ስንቶቻችን መልስ እናስማማለን? እሑድ ጠዋት ተኳርፈን ከቤት ወጥተን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ፈገግ የምንል የለንምን? የመጋቢ ሚስት ነኝና ይህን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ባልና ሚስት ስለ ትዳር ጓደኛቸው እየተጠየቁ መልሳቸው ይገጥም እንደሆነ የሚታይበት ጨዋታ በአሜሪካ ኤቢሲ «ዘ ኒውሊዌድ ጌም» ተብሎ የጀመረው በ1966 ነው። በእኛም አገር በኢቢኤስ ነፃነት ወርቅነህ ሲመራው ያየነው «የቤተሰብ ጨዋታ» ስንቱን ቤተሰብ አንድ ላይ አስቀምጧል። ጨዋታውን አልነቅፍም። ነገር ግን ያልገጠመ መልስ በቴሌቪዥን ላይ ሳቅ ነው፤ በቤት ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የሰው እንባ ነው።

ስለ አንድ ሌላ ሙከራ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ይህን በጣም እወደዋለሁ። ከዚያ ቅሌት በኋላ ጣቢያዎች የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ፈርተው ነበር። በ1963 መርቭ ግሪፊን የሚባል አዘጋጅ ከባለቤቱ ከጁላን ጋር በአውሮፕላን ሲበር ይህንኑ ችግር ያነሳል። እርስዋም መልሱን ለተወዳዳሪዎቹ ስጣቸውና ጥያቄውን እነርሱ ይፈልጉ አለችው። ለምሳሌ ብላ «5,280» ስትለው፣ በአንድ ማይል ውስጥ ስንት ጫማ እንዳለ የሚጠይቅ ጥያቄ መለሰላት። የጨዋታው የመጀመሪያ ስም «ጥያቄው ምንድን ነው?» ነበር፤ በማርች 1964 «ጄፐርዲ» ተብሎ ወጣ። (ሁለቱ በ1976 ተፋትተዋል፤ ለትዳር ምሳሌ አድርጌ አላቀርባቸውም።) የጁላን ሐሳብ ግን ለእኛ ለባለትዳሮች ይጠቅመናል። መልሱ ሁልጊዜ በፊታችን አለ። ሳይበላ የተመለሰ ምግብ መልስ ነው። አምሽቶ መግባት መልስ ነው። ሌሊት ወደ ግድግዳ ዞሮ መተኛት መልስ ነው። የጎደለው ጥያቄውን የሚፈልግ ሰው ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር በማስተዋል እንዲኖሩ ሲመክር (1ኛ ጴጥ. 3፥7) የሚጠይቀው ይህን ይመስለኛል። በዘፍጥረት 4፥1 አዳም ሔዋንን እንዳወቃት ሲነገር የገባው የዕብራይስጥ ቃል «ያዳ» ነው። አብሮ በመኖር የሚገኝ ዕውቀት ነው፤ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ባለው መንገድ ተጠንቶ አያልቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታውን አላቀረብነውም። ፕሮግራሙ ደረቀ ያሉን ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው፣ ትንሽ ደርቆ ነበር። እናንተ ግን በቤታችሁ ሞክሩት። ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ያለ ተመልካችና ያለ ነጥብ። ከምግብና ከቀለም ጀምሩ፤ ከዚያ ወደሚከብደው ግቡ፦ በዚህ ወር ምን አስፈራህ? ካለፈው ዓመት ወዲህ ጸሎትሽ በምን ተለወጠ? ላልጠየቅኩህ ነገር ምን መልስ አዘጋጅተህ ነበር? ያልገጠመ መልስ ስታገኙ አትቸኩሉ፤ ወረቀቱንም አትቅደዱት።

በዚያ ዓርብ ማታ ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ ስለ ነበር የኮምቦልቻዎቹን አልለቀቅናቸውም። ሳሎን ፍራሽ አነጠፍኩላቸው። ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሣ መብራታቸው አልጠፋም፤ የእርስዋ ድምፅ ቀስ ብሎ ይሰማ ነበር፣ የእርሱ ግን አይሰማም። ጠዋት ቁርስ ካቀረብኩ በኋላ ባልየው ባለቤቴን ወደ ጎን ወስዶ የሐይቅ መኪና ከየት እንደሚሳፈር ጠየቀው። እናትዋ የሚኖሩት ሐይቅ ነው። ከፒያሳ ብርቱካን ገዝተው ሁለቱም ሄዱ።