የሐዲዱ ቆዳ

በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ባምቢስ ጣቢያ ላይ ባቡር ለሚጠብቅ ሰው ሐዲዱ ጤነኛ ይመስላል፤ መንኮራኩር ያለሰለሰው ገጹ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ማብረቅረቁ ግን ስለ ጤንነቱ ብዙም አይናገርም። መንኮራኩርና ሐዲድ የሚነካኩት ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ክብደቱ ሁሉ እዚያች ላይ ያርፋል። ባቡሩ በቆመና በተነሳ ቁጥር ደግሞ የብረቱ ቆዳ ይጎተታል። ይህ ሲደጋገም፣ በተለይ በውስጠኛው ጠርዝ በኩል፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ዘመም ያሉ ስንጥቆች ይወጣሉ። ብዙዎቹ ላይ ላዩን ይቀራሉ፤ አንዱ ወደ ታች ከታጠፈ ግን ሐዲዱን ሊሰብረው ይችላል።

የተለመደው ምርመራ አልትራሳውንድ ነው። ነፍሰ ጡር እንደምትታይበት ሁሉ ድምፅ ወደ ብረቱ ይላክና ማሚቶው ይነበባል። የውስጡን ለማየት ጎበዝ ነው፤ ላይኛው ገጽ ላይ ግን ይደናገራል፤ ጥቃቅኖቹ ስንጥቆች ድምፁን ከላይ መልሰው ከሥራቸው ያለውን ይጋርዱበታል። ኤሌክትሮማግኔታዊው ዘዴ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ተለዋዋጭ ኮረንቲ ያለበት የሽቦ ጥቅል ሐዲዱን ሳይነካ ጠጋ ብሎ ሲያልፍ፣ በብረቱ ቆዳ ላይ እንደ ውሃ አዙሪት የሚዞር ኮረንቲ ያስነሳል። ስንጥቅ ሲገጥመው ኮረንቲው ዞሮ ለማለፍ ይገደዳል፤ ለውጡም ጥቅሉ ላይ ይነበባል። ንክኪ ስለማይፈልግ በሚሮጥ ባቡር ሥር ሊታሰር ይችላል። መሠረተ ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ኤልመር ስፔሪ በ1928 እ.ኤ.አ. በሐዲድ ውስጥ ኮረንቲ እየለቀቀ መግነጢሳዊ መዛባቱን የሚያነብ ተሽከርካሪ አሰማርቶ ነበር።

«የእኛ ባቡር ቀላል፣ አካሄዱም ዝግ ያለ፤ ፈጣን መርማሪ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። በግማሹ ልክ ነው። የከተማው ሁለት መስመሮች ተደምረው 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ የደርሶ መልሱ ሐዲድ ተደምሮ 64 ይሆናል። መሣሪያውን ጭኖ በእጅ በሚገፋ ጋሪ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢኬድ በ21 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም በጥቂት ሌሊቶች ያልቃል። ፍጥነቱ ግዴታ የሚሆነው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው፣ ከባድ ጭነት በሚመላለስበት የጅቡቲ መስመር ላይ ነው። ለባምቢስ ሰው ደስ ባይልም፣ በከተማው ጋሪው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ከስታዲየም እስከ ልደታ ነው፤ እዚያ የሁለቱም መስመር ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ያልፋሉ። «ባቡሮቹ ራሳቸው መለዋወጫ አጥተው ቆመው የለም ወይ?» ለሚለውም፣ አንድ ባቡር ሲቆም ሌላው ይሠራል፤ ሐዲድ ሲሰበር ግን ሁሉም ይቆማል። በጊዜ የተገኘ ስንጥቅ ገጹ ተሞርዶ ይጠፋል፤ የዘገየው አዲስ ሐዲድ፣ አዲስ ሐዲድም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል።

ከበድ የሚለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ማወቅ ብቻውን ያድናል ወይ? በእንግሊዝ ሃትፊልድ በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ 4 ሰዎች ሲሞቱ፣ በጠርዝ ስንጥቅ የተዳከመው ሐዲድ ከ300 በላይ ስብርባሪ ሆኗል። ጉዳቱ አስቀድሞ ታውቆ ምትኩም ቦታው ደርሶ ነበር፤ የቀየረው ግን አልነበረም። መሣሪያውም ቢሆን ይሳሳታል፤ ብየዳን እንደ ስንጥቅ ያነባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሌሊት ንባብ የሚሰጠው የብየዳና የጠባሳ ካርታ ብቻ ነው፤ ያደገው ስንጥቅ የሚለየው ከወራት በኋላ ያው ጋሪ በዚያው ሐዲድ ላይ ተመልሶ ሲገፋ ነው።