ያውቁ ኖሯል? በስልክዎ ማይክሮፎን ውስጥ አየር ራሱ እንቅፋት ነው

በስልክዎ ማይክሮፎን ውስጥ ድምፅ የሚያርገበግባት ስስ ሽፋን አለች፤ ከእርሷ ጥቂት ማይክሮሜትር ርቆ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሞሉበት ሰሌዳ ይገኛል። ሽፋኗ በተርገበገበች ቁጥር በመካከል ያለው አየር በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ይወጣል፣ ይገባል። የትልቅ አዳራሽን ድምፅ ስናሰላ የአየሩን ሰበቃ ብንዘነጋው ብዙም አይጎዳንም፤ እዚህ ግን ስሌቱን የሚወስነው እርሱ ነው። በ1,000 ኸርዝ ድምፅ፣ ግድግዳ ይዞ የሚያዘገየው የአየር ንጣፍ 70 ማይክሮሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ቀዳዳው ደግሞ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ በቀዳዳው ውስጥ ከግድግዳው ተጽዕኖ ያመለጠ አየር የለም። ሰበቃው የድምፁን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ጸጥታ በሰፈነበት ክፍል እንኳ ማይክሮፎኑ ከራሱ ለሚያሰማው “ሽሽ” የሚል ድምፅም አንዱ ምንጭ ነው።

“ታዲያ ቀዳዳዎቹን ማስፋት አይቀልም?” የሚል ይኖራል። ነገር ግን ሰሌዳው ከሽፋኗ ጋር ሆኖ የኤሌክትሪክ ምልክቱን የሚሰጥ አካል በመሆኑ ገላው በተበሳሳ ቁጥር ምልክቱ ይደክማል። ስለዚህ ሰበቃውን አስቀድሞ ማስላት ግድ ነው፤ ሁሉንም ቀዳዳ በኮምፒውተር አንድ በአንድ ማስላት ግን፣ ቁጥራቸው ከመቶዎች እስከ ሺዎች ስለሚደርስ፣ እጅግ አድካሚ ነው። የሚሻለው አንዱን ቀዳዳ ከነዙሪያው በጥንቃቄ አስልቶ ውጤቱን ለመላው ሰሌዳ ማዋል ነው፤ የሰሌዳው ጠርዝ ብቻ የተለየ ስሌት ይሻል። የዚህ ዓይነቱ ስሌት መነሻ የሆነውን፣ አየር በሰበቃና በሙቀት ድምፅን እንዴት እንደሚያደክም የሚገልጸውን ቀመር ጀርመናዊው ጉስታፍ ኪርሆፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1868 ነበር።